ቅጂና ኩረጃ

በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ‹ኩረጃ› እጅግ የተጠላ ቃል ነው፤ ሊጠላም ይገባዋል። የጎረቤቱን የፈተና ወረቀት በዓይኑ ሰርቆ የሚጽፍ ተማሪ ያላወቀውን ያወቀ መስሎ የሚታይ፣ መምህሩንም፣ ወላጁንም፣ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ራሱን የሚያታልል ስለሆነ፣ ኩረጃን ለማጥፋት የሚደረገው ጥረት ሁሉ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ከፈተና አዳራሽ ወጥቶ ወደ ሥዕል ጠረጴዛ ሲሻገር የማይገባውን ሰው ይመታል። በሥዕል ትምህርት የሌላውን ሰው ሥራ እያዩ በእጅ መቅዳት ማጭበርበር ሳይሆን ትምህርቱ ራሱ ነውና። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ለማለት የተነሣነው በሐዋሳ መሃል ከተማ ያየነው አንድ ነገር ስላሳሰበን ነው።

ሐዋሳ ለሠዓሊ ዓይን የተሰጠች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ የሚወስደው ሰፊ ጎዳና፣ የባጃጁ ግርግር፣ በእጅ የተጻፉት የሱቅ ማስታወቂያዎች፣ ወረድ ሲሉ ደግሞ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎችና መረባቸው፣ እርሳስ የያዘውን ወጣት ‹ና ሣለኝ› የሚሉ ናቸው። በዚሁ መሃል ከተማ፣ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ደጃፍ፣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሥዕል ደብተሩን አሳየን። ከሥዕሎቹ አንዱ ልጆቻቸውን በክንዳቸው ከልለው፣ እርስ በርሳቸው ተቃቅፈው፣ እንደ አንድ ግንብ የቆሙ እናቶችን ያሳያል። በእርሳስ የተሠራ ሲሆን ልጁ ከተንቀሳቃሽ ስልኩ ላይ እያየ ሦስት ምሽት እንደ ፈጀበት ነገረን። በሥዕሉ ግርጌ፣ መምህሩ በቀይ ቀለም ‹ኩረጃ› ብለው ጽፈውበታል። ከዚያ በኋላ ያሉት የደብተሩ ገጾች ባዶ ናቸው።

ያሳሰበን የገጾቹ ባዶ መቅረት ነው። ሥዕሉን ተቀብለን በጥንቃቄ ስንመለከተው ልጁ ብዙ የደከመበት መሆኑ ግልጽ ነበር። የእናቶቹ እጆች ከፊታቸው እኩል ጎልተው እንዲታዩ አድርጓል፤ ጥቁሩን ቦታ ለማጥቆር እርሳሱን ደጋግሞ ከመጫኑ የተነሣ ወረቀቱ አንጸባርቋል፤ ተሳስቶ በላጲስ ያጠፋው መስመር ዱካው ገና አልጠፋም። ይህን ያህል ያየ ዓይን በአንድ ቃል መዘጋት አልነበረበትም። መምህሩንም ግን ሙሉ በሙሉ ልንወቅሳቸው አንችልም። ልጁ በሥዕሉ ጥግ የራሱን ስም በትልቁ ፈርሟል፤ ሥዕሉን መጀመሪያ ማን እንደ ሠራው አልጻፈም፤ ብንጠይቀውም አላወቀም። ሥዕሉ ወደ ስልኩ የደረሰው ያለ ስም፣ ያለ ዓመት፣ ያለ አገር ነው። እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ መልካም ነገርና አንድ ጥፋት አብረው ተገኝተዋል ማለት ነው። መቅዳቱ መልካም ነው፤ የባለቤቱን ስም መተው ጥፋት ነው። መምህሩ ጥፋቱን አይተው መልካሙን አብረው ሰረዙት።

‹መቅዳት› የሚለው ቃላችን ራሱ ሊያስተምረን በቻለ ነበር። ከጽሑፍ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው ቀዳ ይባላል፤ ከምንጭ ውኃ የሚወስድም ቀዳ ይባላል። ከምንጭ የቀዳውን ሰው ግን ሌባ የሚለው የለም፤ የሚጠየቀው እንስራው ሙሉ መሆኑንና ውኃውን ለምን እንዳዋለው ነው።

ይልቁንም አገራችን ለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ ሁለት ቤቶች ሠርታ አስቀምጣለች። የዜማ ተማሪ የመምህሩን ድምፅ ቃል በቃል፣ ምልክት በምልክት እየተከተለ ያጠናል፤ ከራሱ አንዲት ነገር ቢጨምር ይታረማል፤ ዓመታትም ይፈጅበታል። ያው ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሕጉ ይገለበጥበታል። የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ይመረምራል፣ መንገዱን ያጠናል፤ ነገር ግን የሰማውን መልሶ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ያፍርበታል፤ የሚጠበቅበት የራሱን መቁጠር ነውና። ማንም አስተዋይ ሰው የዜማውን ተማሪ ‹ኮራጅ› አይለውም፤ የቅኔውንም ተማሪ ‹ለምን እንደ መምህርህ አላልክም› አይለውም። ሥዕል የሚማር ወጣት በሁለቱም ቤት ማለፍ አለበት። የሐዋሳው ልጅ ገና በዜማ ቤት ሳለ ቅኔ ስላልተቀኘ ተቀጣ፤ የኛ አስተያየት ይህ ነው።

‹ይህ የፈረንጅ የሥዕል ትምህርት ነው፤ ለኛ ምን ይጠቅማል?› የሚል ቢኖር የጎንደርን ዘመን ሠዓሊዎች ያስታውስ። በ1590 እና በ1591 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምንቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሮማ ከተማ ላይ ወንጌል በዐረብኛ ታተመ። መጽሐፉ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ከመቶ በላይ ሥዕሎች ነበሩበት፤ የነደፋቸውም አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ኢጣሊያዊ ሠዓሊ ነው። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችን ደረሰ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ሠዓሊዎቻችንም ሥዕሎቹን እያዩ በብራና ወንጌሎቻቸው ላይ ሣሉ። የሰዎቹን አቋቋም፣ የታሪኩን አደራደር ከቴምፔስታ ወሰዱ፤ ነገር ግን ኢጣሊያዊው በጥቃቅን ጥቁር መስመሮች ያጠላውን እነርሱ በደማቅ ቀለም ሞሉት፤ የፊቱን ቅርጽ፣ ትልልቁን ዓይን፣ የልብሱን እጥፋት በራሳቸው ልማድ መለሱት። በሮማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕልም በቅጂ መጥታ፣ እንዲሁ ተቀድታ ተቀድታ፣ ዛሬ ማንም ኢትዮጵያዊ የውጭ ናት ብሎ የማይጠረጥራት ሆናለች። እነዚያን አባቶች ‹ኮራጆች› ብሎ በቀይ ቀለም የሚጽፍባቸው ማን ነው?

ልብ በሉ፤ ከሮማ የመጣው የእጅ ቅብ ሳይሆን የኅትመት ሥዕል ነው። በእንጨት ወይም በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል ብዙ ቅጂ ስላለው ሩቅ ይሄዳል። ቅብ ግድግዳው ላይ ተቀምጦ ተመልካቹን ይጠብቃል፤ ኅትመት ግን በመጽሐፍ ውስጥ ታጥፎ፣ በነጋዴ ጓዝ ተጠቅልሎ፣ ተመልካቹ ወዳለበት ይመጣል። ከሙዚየም ርቆ ለሚኖር ተማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አይገኝለትም።

በአዲሱ ዘመን ትምህርታችንም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። አርቲስት አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ሥዕል ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1957 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ወደዚህ ትምህርት ቤት በ1963 አንድ ጀርመናዊ መጡ። ካርል ሐይንዝ ሐንሰን የተባሉት እኒህ ሰው ሐምቡርግ ተወልደው፣ ብራዚል አገር ለብዙ ጊዜ ኖረው፣ የኖሩበትንም የባሂያን ስም በራሳቸው ስም ላይ የጨመሩ የእንጨት ቅርጽ ሠዓሊ ነበሩ። እስከ 1966 ድረስ በአዲስ አበባ ተማሪዎቻችንን እንጨት ቀርጾ ማተምን አስተማሩ። ከእርሳቸው ከተማሩት አንዱ በ1968 ከትምህርት ቤቱ የተመረቁት ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። የዘሪሁንን የኋላ ሥራዎች፣ ማለትም በተገጣጠሙ የቀርከሃ ሰንበሮች ላይ የሠሯቸውን ሥዕሎች ያየ ሰው ጀርመናዊውን መምህር በውስጣቸው ቢፈልግ በቀላሉ አያገኘውም። የሚያገኘው ጠንካራውን መስመር፣ ቦታን በጥቁርና በብርሃን መክፈልን ነው። ተማሪው ከመምህሩ የወሰደው እጁን ነው እንጂ ፊቱን አይደለም።

የእስክንድር ቦጎሲያን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቀናል። እስክንድር በወጣትነታቸው ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄዱ። በፓሪስ የኩባውን ሠዓሊ የዊፍሬዶ ላምን ሥራዎች አይተው ልባቸው ተነካ፤ የፓውል ክሌንም ሥራዎች በብርቱ አጠኑ። ከዚህ ጥናት በኋላ ሥራቸው ላይ ጎልቶ የወጣው ግን ፓሪስ አይደለም፤ የደብተራው የክታብ ጥቅልል፣ የብራናው ዓይንና መስመር ነው። አገር ቤት ሳሉ ሁልጊዜ በአጠገባቸው የነበረውን ነገር አጥርተው ያዩት ባሕር ማዶ ሆነው የሌሎችን ሠዓሊዎች ሥራ ከመረመሩ በኋላ ነበር። በ1966 ተመልሰው እስከ 1969 በአዲስ አበባ አስተማሩ፤ በኋላም በዋሽንግተን ከተማ በሐዋርድ ዩኒቨርስቲ ለብዙ ዓመታት መምህር ሆነው በ2003 እስኪያርፉ ድረስ ስንት ወጣት ከእርሳቸው ቀዳ! ገብረ ክርስቶስ ደስታም ቢሆኑ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው በመጡ ጊዜ ‹ይህ የኛ አይደለም› የሚል ተቺ አላጡም ነበር፤ ዛሬ ያለ እርሳቸው የኢትዮጵያን የሥዕል ታሪክ የሚተርክ የለም።

አሁን ወደ ልጁ ሥዕል እንመለስ። እናቶቹን መጀመሪያ የሠሯቸው ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ኬቴ ኮልቪትዝ ናቸው። ይህች ሥዕል እንዴት እንደ ተሠራች ማወቅ ከመቅዳቷ እኩል ያስተምራል ብለን ስለምናምን ጥቂት እንቆይባት። የኮልቪትዝ ታናሽ ልጅ ፔተር በጥቅምት ወር 1914፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ፣ በጦር ሜዳ ሞተ። እናትየዋ ያን ኀዘን በሥዕል ለማውጣት ዓመታት ታገሉ። በብረት ሰሌዳ ላይ በመርፌ እየጫሩ ሞከሩ፤ በድንጋይ ላይ እየሣሉ ማተምንም ሞከሩ፤ በ1919 እናቶቹን በድንጋይ ኅትመት ሠርተዋቸው ነበር። ግን አልረኩም። ስመ ጥር ሠዓሊ የነበሩ፣ በዚያው በ1919 የፕሩሲያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባል ለመሆን የበቁ፣ ዕድሜያቸውም ከ50 ያለፈ ሰው፣ የሚፈልጉትን ማውጫ መንገድ አጡ።

በ1920 በርሊን ላይ ወደ አንድ የሥዕል ትርኢት ገብተው የኤርንስት ባርላህን የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች አዩ። ያ ሥራ እንደ መብረቅ መታቸው። ተመልሰው መሮ ይዘው እንጨት መቅረጽ ጀመሩ፤ በዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ ዝና ጋር፣ እንደ አዲስ ተማሪ። ‹ጦርነት› የተባሉት 7 የእንጨት ቅርጾቻቸው በ1921 እና በ1922 ተሠርተው በ1923 ታተሙ፤ እናቶቹም ከነዚህ መካከል ናቸው። የድንጋዩን ኅትመትና የእንጨቱን ኅትመት ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። በድንጋዩ ላይ እያንዳንዷ እናት ለየብቻዋ ታለቅሳለች፤ በእንጨቱ ላይ ግን ልብሳቸውና ክንዳቸው አንድ ጥቁር ጅምላ ሆኖ፣ ከጥቁሩ ውስጥ ፊቶችና እጆች ብቻ ይወጣሉ። መሮው ለጥቃቅኑ ነገር ስለማይመች ሠዓሊዋ ጥቃቅኑን እንዲተዉ አስገደዳቸው፤ የተረፈው ዋናው ሆነ። ኮልቪትዝ ከባርላህ የቀዱት ይህን ነው። የባርላህን ሰዎች አልወሰዱም፤ የሞቱትም ልጅ፣ ሐዘኑም የራሳቸው ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ታላቁ የቻይና ደራሲ ሉ ሹን በ1931 በሻንግሃይ ከተማ ለወጣት ሠዓሊዎች የእንጨት ቅርጽ ትምህርት ለጥቂት ቀናት እንዲሰጥ አደረገ፤ የኮልቪትዝንም ኅትመቶች ሰብስቦ ለወጣቶቹ አሳየ፤ በሞተበት በ1936ም የተመረጡ ሥራዎቿን በመጽሐፍ አሳተመ። ብዙ ገንዘብ የሌላቸው የቻይና ወጣቶች ከጀርመናዊቷ እናት ቀድተው የራሳቸውን ጎርፍና ረኃብ፣ የራሳቸውን ጦርነት ቀረጹ። የሐዋሳው ልጅ እንግዲህ ሳያውቀው የገባበት ሰልፍ ይህን የመሰለ ነው። ያን ቀን አንድ ሰው ይህን ቢነግረው ኖሮ የደብተሩ ቀሪ ገጾች ባዶ የሚሆኑ አይመስለንም።

የልጁ ቅጂ አንድ የጎደለው ነገር አለ፤ መምህሩ ያዩት ጉድለት ግን አይደለም። መሮ የሠራውን በእርሳስ ቀዳው። በእርሳስ ሥዕል ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይጀምራል፤ ሠዓሊው ጥቁሩን ይጨምራል። በእንጨት ቅርጽ ግን ሰሌዳው ሳይነካ ቢታተም ሙሉ ጥቁር ነው፤ ሠዓሊው የሚጨምረው ብርሃኑን ነው። እያንዳንዱ የመሮ ጭረት ነጭ መስመር ይሆናል፤ የተተወው ያጠቁራል። ላጲስም የለውም፤ የተቆረጠው እንጨት አይመለስም። ከዚህም በቀር ሥዕሉ ሲታተም ይገለበጣል፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። ይህን ለመረዳት ጀርመን አገር መሄድ አያሻም። በየከተማችን ማኅተም የሚቀርጹ ባለሙያዎች አሉ፤ ፊደሉን ሁሉ በተገላቢጦሽ እየቀረጹ ወረቀት ላይ ሲመታ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ የሚያደርጉ ናቸው። የኅትመት ሥዕል ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ከአንድ ማኅተም ቀራጭ አጠገብ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ከብዙ ንባብ የማያገኘውን ያገኛል።

ስለ መሣሪያው ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ከአናጺ ቤት የተረፈ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ፣ የተሳለ ሰንጢ ወይም ትንሽ መሮ፣ የማተሚያ ቀለም፣ ስስ ወረቀት ካለ ይበቃል። ማተሚያ መኪና ለሌለው ማንኪያ አለ፤ ቀለም በተቀባው ሰሌዳ ላይ ወረቀቱን አንጥፎ፣ ጀርባውን በማንኪያ ሆድ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። እጅን ከመሮው ፊት ማራቅ ግን ግዴታ ነው፤ መሮ ሲያመልጥ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነውና።

እንዴት ይቀዳ ለሚለው፣ ታላላቆቹ ያደረጉትን ማየት ይበጃል። ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ ሥዕል ሲጀምር የሻርል ባርግን የሥዕል ማስተማሪያ ገጾች ደጋግሞ ቀዳ። በ1887 ፓሪስ ሆኖ የጃፓናዊውን የሂሮሺጌን ሁለት የእንጨት ኅትመቶች በዘይት ቀለም ቀዳ፤ መስመሩን በስስ ወረቀት አንሥቶ እስኪለካ ድረስ ተጠንቅቋል፤ ቀለሙን ግን እንደ ልቡ አደመቀው። ኋላም ታሞ ሆስፒታል ሳለ የሚሌን ገበሬዎች ከጥቁርና ነጭ ኅትመት እያየ በቀለም ሠራቸው፤ ይህንንም ሥራ አንድ ሙዚቀኛ የሌላውን ድርሰት እንደሚጫወት አድርጎ ለወንድሙ ጽፎለታል። ቅጂ ማለት ይህ ነው፤ በአንድ በኩል ክር በክር መለካት፣ በሌላ በኩል በራስ ድምፅ መጫወት።

ተማሪው በስልክ ላይ ከሚመጣለት መቶ ሥዕል አንዱን መርጦ አንድ ሳምንት ቢቆይበት እንመክራለን። መጀመሪያ ሳይሣል ይቁጠር፤ ጥቁሩ የት ይበዛል? ዓይኔ መጀመሪያ የት ዐረፈ? ሠዓሊው ምን ተወ? ቀጥሎ እያየ ይቅዳ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሸሽጎ በቃሉ ይድገመው፤ የረሳው ቦታ ያላየው ቦታ ነው። ስልክ አንድ ትልቅ ጉድለት እንዳለበትም ይወቅ፤ ክንድ የሚያህለውንም፣ መዳፍ የሚያህለውንም ሥዕል በአንድ መጠን ያሳያል። ስለዚህ የሥዕሉን ትክክለኛ ልክ ፈልጎ፣ ወረቀቱን በዚያው ልክ ቆርጦ ቢጀምር ሠዓሊው ክንዱን እንዴት እንዳንቀሳቀሰ በራሱ ክንድ ያውቀዋል።

በመቅዳት ብቻ መኖር ግን ሌላ አደጋ አለው። ታላቁ ጀርመናዊ አልብሬኽት ዱረር በ1515 አንድ አውራሪስ በእንጨት ቅርጽ አሳተመ። በዚያ ዓመት ከሕንድ ወደ ሊዝቦን አንድ አውራሪስ መጥቶ ነበር፤ ዱረር ግን እንስሳውን በዓይኑ አላየም፤ ሌላ ሰው ከላከው ጽሑፍና ንድፍ ነው የሠራው። ስለዚህም ቆዳውን እንደ ብረት ጥሩር አደረገው፤ በትከሻው ላይም ተፈጥሮ ያልሰጠችውን ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። ሥዕሉ እጅግ ስላማረ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያንኑ ሲቀዱ፣ የሌለችውንም ቀንድ አብረው ሲቀዱ ኖሩ። እኛም በሐዋሳ መሃል ከተማ አባ ኮዳን ከስልክ ላይ የሚቀዱ ወጣቶች አይተናል። አባ ኮዳ እኮ በአሞራ ገደል፣ ከዓሣ አራጆቹ እግር ሥር፣ እንደ ሽማግሌ ተኮፍሶ የሚሣለውን የሚጠብቅ ወፍ ነው! ለሥዕል መቀመጫ ከርሱ የተሻለ ማን አለ? ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ክፍያም ቢሆን የዓሣ አንጀት ይበቃዋል። ከኮልቪትዝ መስመሩን የተማረ ልጅ በዚያው መስመር መረብ የሚያራግፈውን አስጋሪ፣ ዓሣ የምትሸጠውን እናት ለመሣል ወደ ሐይቁ ሊወርድ ይገባዋል። ቅኔ ቤቱ እዚያ ነው።

ስለ ስምም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ይህ የዱረር ስም ከተነሣ ዘንድ፣ ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የተባለ ኢጣሊያዊ የዱረርን የእመቤታችንን ታሪክ ኅትመቶች በብረት ላይ ቀርጾ፣ የዱረርን የስም ምልክት ጭምር አስገብቶ ሸጠ። ዱረር ለቬኒስ መንግሥት አቤት እንዳለና ማርካንቶኒዮ በምልክቱ እንዳይጠቀም ብቻ እንደ ተከለከለ ይተረካል። ዳኞቹ እንደዚያ ፈርደው ከሆነ መልካም ፈረዱ። መሥራቱ ሙያ ነው፤ ሐሰቱ በስሙ ላይ ነው። ተማሪዎቻችንም በእያንዳንዱ ቅጂ ግርጌ ‹ከኬቴ ኮልቪትዝ የተቀዳ› ብለው፣ ዓመቱን ጨምረው፣ ከዚያ በታች የራሳቸውን ስም በትንሹ ቢጽፉ ነገሩ ይለቃል። መምህራንም ‹ኩረጃ› ብለው ከመጻፋቸው በፊት ‹ከማን ቀዳኸው? ምን አገኘህበት?› ብለው ይጠይቁ። መልስ ያለው ተማሪ አልኮረጀም።

አሁን ከአስተማሪዎቹ አልፈን ለከተማው ኃላፊዎች የምንለው አለ። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እውነተኛ የኅትመት ሥዕል ለማየት ይህን ሁሉ ይሂድ አንልም። ኅትመቱ ይምጣ። በአዲስ አበባ የኅትመት ሥዕል የሚሠሩ ተማሪዎችና ሠዓሊዎች ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ያወጣሉ፤ በእያንዳንዱም ግርጌ ስንተኛው ቅጂ እንደሆነ በእርሳስ ይጽፋሉ። ከነዚህ አንዳንድ ቅጂ በስጦታም ሆነ በመጠነኛ ዋጋ ተገኝቶ በአውቶቡስ ቢላክ፣ የውጭዎቹም በትክክለኛ ልካቸው በጥሩ ወረቀት ቢታተሙ፣ 30 ወይም 40 ሥዕል በአንድ ሰፊ መሳቢያ ይገባል። ሕንጻ ይሠራ አላልንም፤ ገምጋሚ ኮሚቴ ይቋቋምም አላልንም። በመሃል ከተማ ካሉት የሕዝብ አዳራሾች ወይም ቤተ መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ መስኮት ያለው ክፍል፣ ረዥም ጠረጴዛ፣ ያ መሳቢያ፣ ከሰሌዳው ላይ ቀለም ለመደልደል የሚሆን አንድ ሩሎና ጥቂት መሮ ከተገኘ ሥራው ይጀመራል። የመሳቢያው ቁልፍ ግን በአንድ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ለስብሰባ ከከተማ ወጥቶ የሚቀር እንዳይሆን አደራ እንላለን፤ ተማሪዎቹ የሚመጡት ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ነው።